ላዕሉ ዜሮ ሆነ ማለት ኢንተርሴፕት ተገኘ ማለት አይደለም

ደሴ ውስጥ የ11ኛ ክፍል ልጆች ሳስጠና ራሽናል ፈንክሽን ላይ (ታህቱ ማለትም የታችኛው ክፍል ውስጥ ኤክስ ያለበት ክፍልፋይ፤ የላይኛው ላዕል ይባላል) ስንደርስ፣ ኢንተርሴፕቶቹን ማለትም ግራፉ የኤክስንና የዋይን መስመር የሚነካባቸውን ነጥቦች ስንፈልግ ሁሌ ግራ መጋባት ይነሳል። ነገሩ ያን ያህል አያስፈራም።

ዋይ ኢንተርሴፕት ቀላል ነው። በኤክስ ቦታ 0 አስገባ፣ የወጣው ቁጥር እሱ ነው፣ አለቀ። ታህቱ ዜሮ ከሆነብህ ግራፉ የዋይን መስመር አይነካም፤ 1 ሲካፈል ለኤክስ እንደዛ ነው።

ጣጣው ኤክስ ኢንተርሴፕት ላይ ነው። እዛ ዋይ፣ ማለትም ክፍልፋዩ ራሱ፣ ዜሮ መሆን አለበት። ክፍልፋይ ዜሮ የሚሆነው ላዕሉ ዜሮ ሲሆን ነው፣ ስለዚህ ላዕሉን ከዜሮ ጋር እኩል አድርገህ ትፈታለህ፤ ግን ያገኘኸውን ቁጥር ታህቱ ውስጥ ከትተህ ሳታይ እርሳስህን እንዳታስቀምጥ።

ላዕሉ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4፣ ታህቱ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ኤክስ ሲቀነስ 2 ይሁን። ላዕሉ በ2 እና በኔጌቲቭ 2 ዜሮ ይሆናል። ኔጌቲቭ 2ን ታህቱ ውስጥ ስትከት 4 ይወጣል፣ ሰላም ነው፣ ኢንተርሴፕት ነው። 2ን ስትከት ግን ታህቱም ዜሮ! ይሄ ኢንተርሴፕት ሳይሆን ቀዳዳ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ አስፋልቱ ላይ እንደሚያጋጥምህ ጉድጓድ፣ መንገዱ ከፊቱም ከኋላውም አለ፣ እዛች ቦታ ላይ ግን የለም። እንዲያውም ኤክስ ሲቀነስ 2ን ከላይም ከታችም ብታጣፋ ቀዳዳው ያለው ዋይ 4/3 ላይ ነው፣ የኤክስን መስመር ጭራሽ አይጠጋም።

ላዕሉ 5 ብቻ ከሆነስ? አትድከም፣ 5 መቼም ዜሮ አይሆንም፤ "ኤክስ ኢንተርሴፕት የለውም" ብለህ ጽፈህ እለፍ።