«ኤ» መቼ? «አን» መቼ?

በእንግሊዝኛ ከስም በፊት ስለሚገቡት «ኤ» (a) እና «አን» (an) ትምህርት ቤት የተነገረን ደንብ አጭር ነበር። ቃሉ በአናባቢ ከጀመረ «አን»፣ ካልሆነ «ኤ»። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን ፊደሉን እናያለን እንጂ ድምፁን አንሰማም። «ዩኒቨርሲቲ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአናባቢ ፊደል ይጀምራል። ሲነገር ግን መነሻው የ«ይ» ድምፅ ነው፤ ስለዚህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» እንላለን። ሰዓት ማለት የሆነው «አወር» ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ኤች» ትጻፋለች፣ አትነበብም፤ ስለዚህ «አን አወር»። ምህጻረ ቃልም ያው ነው፦ «አን ኤም ቢ ኤ»።

ታሪካዊ ማለት የሆነው «ሂስቶሪክ» ላይ ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው ይጨቃጨቃሉ። «ኤች»ን አጥርተው እየጠሩ «አን» ማስቀደም ለእኔ መኮፈስ ይመስለኛል።

ይቺ «ን» ተንኮለኛም ናት። የወጥ ቤት ሽርጥ ድሮ «ናፕረን» ነበር። «ኤ ናፕረን» ሲባል ሲባል «አን ኤፕረን» ሆኖ ቀረ።