«ሞላውን አጠንክርልኝ»፦ ስለ ባጃጅና ስለ ኩርባ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ባለሦስት እግር የሚያሽከረክር ሰው ጋራዥ ሲገባ ገና ሞተሩን ሳያጠፋ የሚላት ነገር አለች፤ «ሞላውን አጠንክርልኝ፣ ኩርባ ላይ ሊጥለኝ ነው»። ማን ነገረህ ሲባል ሌላ ሹፌር ነው። ለዚያኛውም የነገረው ሌላ ሹፌር ነው። አንዱን አስረድቼ ስሸኝ ቀጣዩ ያንኑ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የምለው ሁሉ ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ስላላቸው፣ ማለትም ስለ ባጃጅና መሰሎቹ ነው። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ያላቸው ሲመጡ ለይቼ እናገራለሁ። እንደ ፒያጆ ኤምፒ3 እና እንደ ያማሃ ኒከን ያሉት፣ ኩርባ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል ወደ ውስጥ የሚጋደሙት፣ ሌላ ፍጥረት ስለሆኑ እዚህ አይገቡም።

«ክብደቱን የሚሸከመው ሾኩ ነው»

አይደለም። የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሾክ የሞላውን መንጠር ይገታል። ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነጥር ከሆነ ወይም ዘንጉ ላይ ዘይት ከታየ ሾኩ አልቋል።

«ሞላው ከጠነከረ አይገለበጥም»

ዕድሜዬን የሚያሳጥረው ይኼኛው ነው።

ሦስቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩባቸውን ነጥቦች በመስመር ብታገናኛቸው ሦስት ማዕዘን ይወጣል። የመኪና አራት ማዕዘን ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ወደ አንዷ እግር ተጠግቶ የተቀመጠን ሰው ከጎን ነካ ቢያደርጉት ይወድቃል፤ ወደ ሁለቱ እግሮች መሃል የተቀመጠውን ለመጣል ግን መግፋት ይጠይቃል። ባጃጅም እንደዚያው ነው። ክብደቱ ወደ ፊት በመጣ ቁጥር የሚደገፍበት ስፋት ይጠብበታል።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 120 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 200 ሴንቲ ሜትር። የክብደት ማዕከሉ (ክብደቱ ሁሉ የተሰበሰበበት ያህል የሚቆጠረው ነጥብ)፣ ሰውም ጭነትም ተጨምሮ፣ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከፊት ጎማ ሲለካ የርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ይቀመጥ። መኪና ቢሆን ኖሮ ከመሃል እስከ ጠርዝ 60 ሴንቲ ሜትር ነበረው። ሦስት ማዕዘኑ ግን ወደ ፊት እየጠበበ ስለሚሄድ እዚያ ቦታ ላይ ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው 40 ብቻ ነው። 40ን ለ60 አካፍል፤ 0.67 ይመጣል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የጠቅላላ ክብደቱን 0.67 ሲደርስ የውስጠኛው የኋላ ጎማ መሬት ይለቃል ማለት ነው። ኩርባው 10 ሜትር ሬዲየስ ካለው ይኼ የሚሆነው በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው።

እስካሁን ስለ ሞላ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሒሳቡ ውስጥ የለማ!

ሞላ የሚገባው ቀጥሎ ነው። ኩርባ ላይ አካሉ ወደ ውጭ ይጋደማል። 5 ዲግሪ ያህል ቢጋደም የክብደት ማዕከሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይሸሻል፤ 40 የነበረው 35 ይቀራል፣ 29 የነበረውም ፍጥነት ወደ 27 ይወርዳል። ጠንካራ ሞላ የሚመልስልህ ይህችን ነው። ሞላውን ጭራሽ አውጥተህ በምትኩ ብረት ብትበይድና አካሉ ቅንጣት ባይጋደም እንኳ የምታገኘው ያንኑ 29 ነው። የዚህ ሁሉ ወጪና ድካም ትርፍ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር! እሱም እንደ መስታወት የለሰለሰ አስፋልት ከተገኘ።

አስፋልቱ ካልለሰለሰ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከልክ በላይ የጠነከረ ሞላ ጎማው የመንገዱን ጉብታና ጉድጓድ እንዲከተል አይፈቅድለትም፤ ጎማው እየዘለለ ይሄዳል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መንገድ አይዝም። አንድ ደንበኛዬ ከትንሽ መኪና የተፈታ ሞላ የሆነ ቦታ አስገጥሞ መጣ። ባዶውን ሲሄድ ወገቡን ይሰብረዋል፤ ኩርባ ላይ ጠጠር ባገኘ ቁጥር ኋላው እየዘለለ ወደ ጎን ይወጣል። ምን አለኝ መሰላችሁ? «አሁንም በደንብ አልጠነከረም መሰለኝ፣ ጋሼ።» የፋብሪካውን ሞላ መልሼ ሁለቱን ሾኮች በአዲስ ቀየርኩለት። ባጃጁ ያኔ ነው ሰው የሆነው።

ሌላም ነገር አለ። አካሉ ሲጋደም ሹፌሩ በመቀመጫው በኩል ይሰማዋል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ሞላው ሲጠነክር ይህ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ሹፌሩም «ተስተካከለ» ብሎ በ30 የሚገባበትን ኩርባ በ40 ይሞክረዋል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ ከ30 ወደ 40 ሲኬድ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሁለት ኪሎ ሜትር ትርፍ አሥር ኪሎ ሜትር መበደር ይሉሃል ይኼ ነው።

«የሞላውን ማስተካከያ ሳዞረው ሞላው ይጠነክራል»

ማስተካከያ ያለው ሾክ የገዛ ሁሉ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ይመጣል። ከላይ እስከ ታች እኩል የተጠቀለለ ሞላ ቀለበቱ ስለዞረ ጥንካሬው አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአካሉ ከፍታ ነው። ቀለበቱን ስታጠብቅ አካሉን ወደ ላይ ሰቀልከው። ከላይ ያለውን ሒሳብ ያስታወሰ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ከፍታው 60 የነበረው 65 ቢሆን 29 የነበረው 28 ይሆናል። ለኩርባ ብሎ የጀመረው ሥራ ኩርባን አባሰበት። ማስተካከያው የተሠራው ጭነት ሲጨመር የወረደውን ከፍታ ለመመለስ ነው፤ ጭነቱ ሲራገፍ ወደ ቦታው ይመለስ።

«ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር ዝቅም ያደርገዋል፣ ያጠነክረዋልም»

ሁለቱም እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው ሰው የሚሳሳትበት። ከሚሠሩት 10 ጥቅልሎች ሁለቱን ብትቆርጥ ሞላው 25 በመቶ ይጠነክራል። ነገር ግን የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ አይረጋም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ሞላው ሊላቀቅ ይችላል። ሾኩም ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ስላጠረው እያንዳንዱ ጉድጓድ እስከ ጥግ ይመታዋል። በእሳት አሙቆ ማሳጠር የሚሉት ደግሞ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ እኔ ዘንድ ይዞ የሚመጣ ካለ አልነካም፤ ብድግ ብሎ ይሂድ።

«ስታቢላይዘር ከገባለት እንደ መኪና ይሆናል»

ስታቢላይዘር ግራና ቀኝ ያሉትን ጎማዎች የሚያገናኝ፣ ሲጠማዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ዝም ይላል፤ አንዱ ከሌላው ሲበልጥ ብቻ ይቃወማል። ስለዚህ የአካሉን መጋደም ይቀንሳል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ወገብ አይሰብርም። ሞላ ከማጠንከር መቶ ጊዜ ይሻላል። ከፊት ሁለት ጎማ ያለውን ካናም ስፓይደር የሚነዱ ሰዎች ከሚያሻሽሏቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ይኼ መሆኑ በከንቱ አይደለም።

እንደ መኪና ግን አያደርገውም። መኪና ላይ የፊቱና የኋላው ጎማ መጋደምን ይካፈሉታል፤ አንዱን በማጠንከርና ሌላውን በማላላት የመኪናውን ጠባይ መለወጥ ይቻላል። ባለሦስት እግር ላይ ነጠላዋ ጎማ መጋደምን መቃወም አትችልም፤ ሸክሙ ሁሉ በጥንዶቹ ላይ ነው። የሚካፈል የለም። የ29ኙም ጣሪያ እዚያው ነው። በተጨማሪ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ዘንጉ ምቱን ለሌላውም ያካፍለዋል፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው አልመክረውም።

«ጥሩ ጎማ ካለ አይገለበጥም»

መኪና ብዙውን ጊዜ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። ባለሦስት እግር ደረቅ አስፋልት ላይ ከመንሸራተቱ በፊት ይገለበጣል፤ ምክንያቱም ጎማው የክብደቱን 0.7 ወይም 0.8 ያህል መያዝ ሲችል ሦስት ማዕዘኑ 0.67 ላይ ያበቃል። ይበልጥ የሚይዝ ጎማ የሚያግዝህ ዝናብ ላይና ፍሬን ላይ ነው። ያ ብቻውን ለመግዛት በቂ ምክንያት ነው፤ መገልበጥን ግን አትቀላቅልበት።

ተለቅ ያለ ጎማ ማስገባትማ ከፍታ መጨመር ነው፤ ሌላ አስተያየት የለኝም።

«የኋላውን ማስፋት አደጋ ነው»

የሚገርመው ሰው የሚፈራው በእውነት የሚረዳውን ነገር ነው። ከሞላ ይልቅ ሒሳቡን በቀጥታ የሚለውጡት ሁለት ነገሮች ከፍታና ስፋት ናቸው። በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ብታሰፋ 0.67 የነበረው 0.72 ይሆናል፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግም ያንኑ ያህል ይሰጣል። ችግሩ በርካሽ ስፔሰር፣ ማለትም ቸርኬውን ወደ ውጭ ለማውጣት ከጀርባው በሚገባ ብረት፣ የሚሠራው ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ላይ ያለው ጫና ይበዛል፣ ብሎኑ አጭር ይሆንና ዳዶው በሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይያዛል። ረዘም ባለ ብሎን፣ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር በትክክል በሚገጥም ስፔሰር፣ የኩሽኔታውን ሁኔታ ቶሎ ቶሎ እያዩ ከሆነ ይሁን። ካልሆነ ይቅር።

«ባዶውን ከሆነ አይገለበጥም»

ተሳፋሪ ሲወርድ ከፍታው ትንሽ ይቀንሳል፤ ክብደቱ ግን ወደ ሹፌሩ፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይመጣል። ያተረፍከውን እዚያው ይበላዋል።

«ጎማው ሲነሳ ፍሬን ያዝ»

ይህን ለጀማሪዎች የሚያስተምር ሰው አለ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፍሬን ክብደቱን ወደ ፊት ይወረውረዋል፣ ወደ ጠባቡ ጫፍ። በዚያው ምሳሌያችን ላይ፣ ፍሬኑ የክብደቱን 0.4 በሚያህል ኃይል ቢይዝ ወደ ጎን የምትችለው ከ0.67 ወደ 0.55 ይወርዳል፤ 29 የነበረው 26። ማለትም ኩርባ ውስጥ ፍሬን መርገጥ ጠንካራ ሞላ ከሚሰጥህ የበለጠ ይወስድብሃል። ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ቀጥ ብለህ ሳለህ ነው፤ ውስጥ ከገባህ ነዳጁን ሳትጨምር ሳትቀንስ ይዘህ ውጣ። ጎማው ከተነሳብህ መሪውን ቦታ እስካለህ ድረስ ወደ ቀጥታ መልሰው።

ከፊት ሁለት ጎማ ያለው ተቃራኒው ነው፤ ፍሬኑ ክብደቱን ወደ ሰፊው ጎን ይወስድለታል፣ ኩርባ መሃል ነዳጅ መስጠት ግን ወደ ጠባቡ።

«ሞተር ሳይክል የነዳ ባለሦስት እግር አያቅተውም»

ፈጣን ሞተር ሳይክል ለመታጠፍ መሪው ለአፍታ ወደ ተቃራኒው ይገፋል፤ ብዙዎቹ ይህን እንደሚያደርጉ እንኳ አያውቁም፣ እጃቸው ግን ያውቃል። ያንን እጅ ይዞ ባጃጅ ላይ የወጣ ሰው ቀኝ ሲፈልግ ግራ ይሄዳል። ባጃጅ መሪው ወደ ዞረበት ነው የሚሄደው።

እሺ፣ ታዲያ ምን ላሠራ?

መጀመሪያ ንፋስ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ባጃጁ ቆሞም ያጋደለ ነው፤ አምራቹ በጻፈው ልክ፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ቀጥሎ ጎማውን ከመሬት አንሥተህ ላይና ታቹን ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ነው። የኋላ ክንዶቹን ጎሚኒ (መጋጠሚያቸው ላይ ያለውን ላስቲክ) እና የፊቱን ማያያዣ ፍተሽ፤ ያለቀ ጎሚኒ ኩርባ ላይ ጎማውን ራሱን ያዞረዋል፣ ሹፌሩም «ሞላ» ይለዋል። ሾክ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንዱን ይቀየር፤ አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ አድርጎ ግራ ኩርባ ላይ ደህና፣ ቀኝ ላይ የሚዋልል ባጃጅ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ጣሪያ ላይ የተጫነ ነገር ካለ ይውረድ፤ ነጻ ነው፣ ብር አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ መሪውን ቀጥ አድርገህ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ግራው፣ ከዚያም እስከ ቀኙ የኋላ ጎማ መሃል በሜትር ለካ። ሁለቱ እኩል ካልመጡ ሻንሲው ተጣሟል፤ ሞላ ሊሸጥልህ የተዘጋጀውን ሰው ተወውና ጥሩ በያጅ ፈልግ።