ጠገራ ብር፣ የንብ ቀፎና አሥራ ሁለት በሮች፦ የልብወለድ ዓለም አፈጣጠር በጎንደር

የልብወለድ ዓለም መፍጠር ማለት ታሪኩ የሚካሄድበትን አገር ከነካርታው፣ ከነገንዘቡ፣ ከነሕጉ መሥራት ነው። ገበያው የት ይውላል? ሰው በምን ይገበያያል? ልጆች ምን ይጫወታሉ? ይህን ሁሉ ከባዶ የሚያፈልቅ ሰው አላየሁም። አብዛኛው ጸሐፊው ትርፍ ጊዜውን ከሚያሳልፍበት ነገርና መንገድ ላይ ካገኘው ኮተት ይመጣል። ጎንደር በዚህ የታደለች ከተማ ናት። ችግሩ ግንቡ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል።

ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጀማሪ ጸሐፊ እዚያ ሲቆም ወዲያው ንጉሥና ልዕልት ይታዩታል። እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ አጥሩ ነው። 900 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው 12 በሮች አሉት ይባላል፤ በሮቹም ስም አላቸው። ወንበር በር የዳኞች ነው። እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ ተዝካሮ በር ደግሞ የተዝካር። እርግብ በርም አለ። አንድም ገጸ ባሕርይ ሳይፈጠር ማን በየት እንደሚገባ ታወቀ ማለት ነው። በተሳሳተ በር የገባ ሰው ምን ይደርስበታል? ልብወለዱ እዚህ ጋ ሊጀመር ይችላል።

የከተማዋ አፈ ታሪክም የሚሠራው እንዲሁ ነው። መናገሻው ስሙ በ«ገ» ዘር ፊደል በሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበር ይባላል። ነገሥታቱ ጉዛራንም ጎርጎራንም ሞክረው በመጨረሻ ጎንደር ላይ ረጉ። አንዲት ፊደል ስንት ግንብ አሠራች! የደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ከዚህም ይጣፍጣል። የሱዳን ድርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ያ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ። ያዳነው የንብ መንጋ ነው ይላሉ። ቀፎ የነካካ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ተራኪው አዲስ አውሬ መፍጠር አላስፈለገውም፤ የጎረቤቱን ንብ ወታደር አደረጋት።

ከሚገኙ ነገሮች ሁሉ የኔ ምርጥ ጠገራ ብር ነው፤ ማርትሬዛ የሚሉትም አሉ። መዳፍ ላይ ስታስቀምጠው ይከብዳል፤ 28 ግራም ገደማ ነው። አንዲት ደልደል ያለች የባዕድ አገር ንግሥት አለችበት። ከጀርባው ያለው ዓመት 1780 ነው። ይህንንም ያንንም ብታገላብጥ 1780 ነው። ንግሥቲቱ፣ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ፣ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላም ሳንቲሙ ሲመታ የኖረው ይህንኑ ዓመት ይዞ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር፤ የንግሥቲቱን እንቁዎች ቆጥሮ፣ መልኳን አይቶ ነው የሚወስደው። ብዙው በኋላ ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆነ። እስቲ አስቡት፦ ገንዘቡ ላይ ጊዜ የቆመበት አገር፣ የሞተች ንግሥት የምታስተዳድረው ገበያ፣ ሀብቱን አንገቱ ላይ የሚያስር ሕዝብ። ምንም አልጨመርኩበትም።

ጨዋታዎችም ይረዳሉ። የገበጣ ሕግ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለት እንግዶች ሲጫወቱ ጠብ አይቀርም። ለቋንቋ ፈጠራ ልጆች የሚያወሩት የወፍ ቋንቋ አለ። አዝማሪዎችም እርስ በርስ ብቻ የሚግባቡበት የሚስጥር ንግግር አላቸው፤ አድማጩ ፊት ስለ አድማጩ ያወሩበታል። ኳስ የሚወድ ደግሞ ፋሲል ከነማን ይመልከት። ቅጽል ስሙ «ዐፄዎቹ» ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ዛሬ ዐፄ የሚባል ሰው የሚገኘው ማልያ ለብሶ ነው። በጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የሚሸጡት ትናንሽ የሸክላ ቅርጾችም ለገጸ ባሕርይ ጥሩ መነሻ ናቸው። አንዱን ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ነው።

ሁሉን ነገር መክተት ግን አያስፈልግም። አንድ ዕቃ ተመርጦ ማን ሠራው፣ ማን ተከለከለው፣ ቢጠፋ ማን ያለቅሳል ተብሎ ቢጠየቅ አሥር ካልታየ ዕቃ ይበልጣል። ካርታም እንደዚሁ ነው። እኔ የመጀመሪያውን የሣልኩት አንገረብንና ቀሃን አስመስዬ ነበር። ሁለቱ ወንዞች ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳል። እኔ ግን ተራራውን ታች፣ ሐይቁን ላይ አድርጌው ኖሯል። አንድ ጓደኛዬ አይቶ «ወንዝህ ዳገት ይወጣል እንዴ?» አለኝ። ገለበጥኩት። አሁን ውሃው በደንብ ይወርዳል፤ የቅዳሜ ገበያዬ ግን መሀል ጎርፍ ላይ አረፈ። እስካሁን እዚያው ነው፤ ነጋዴዎቹ በታንኳ ይመጣሉ።