በ«የሎ ዶግ ብሉዝ» ውስጥ ያለው ቢጫ ውሻ

«የሎ ዶግ ብሉዝ» አሜሪካዊው ደብልዩ ሲ ሃንዲ የደረሰው የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት) ዘፈን ነው። ርዕሱን ቃል በቃል «የቢጫው ውሻ ብሉዝ» ብሎ የተረጎመ ሰው ዘፈኑ ውስጥ ውሻ ሲፈልግ ይውላል። አያገኝም፤ ውሻው የባቡር መስመር ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1903 ገደማ፣ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ተትዋይለር በምትባል ትንሽ ከተማ ባቡር ጣቢያ ነው። ሙዚቀኛው ደብልዩ ሲ ሃንዲ የዘገየ ባቡር ሲጠብቅ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ፣ ልብሱ የነተበ፣ የእግሩ ጣቶች ከጫማው ብቅ ያሉ ጥቁር ሰው አጠገቡ ጊታር ይጫወታል። ክሩን የሚጫነው በቢላዋ ነው። ድምፁ ሆድ ያባባል። አንዲት ስንኝ ሦስት ጊዜ ደጋገመ፦ «ሳውዘርን ዶግን ወደሚያቋርጥበት እሄዳለሁ።» ሃንዲ ግራ ገብቶት ትርጉሙን ጠየቀው።

ሳውዘርን የባቡር ኩባንያ ነበር። ዶግ ወይም የሎ ዶግ ደግሞ ሕዝቡ «ያዙ ዴልታ» ለተባለው የባቡር መስመር ያወጣለት ቅጽል ስም ነው። ሁለቱ ሐዲዶች ሙርሄድ ከተማ ላይ ይቋረጡ ነበር። ሰውየው ወደ ሙርሄድ እየሄደ ነበር ማለት ነው። እንቆቅልሽ የመሰለው ስንኝ የመንገደኛ አድራሻ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል።

ሃንዲ ሐረጉን በ1914 ባወጣው «የሎ ዶግ ራግ» ውስጥ አስገባው፤ ዘፈኑ የዛሬ ስሙን ያገኘው በኋላ ነው። የብሉዝ ዘፋኟ ቤሲ ስሚዝም በ1925 ተጫውታዋለች። በዘፈኑ የጠፋ ወዳጇን ለምትፈልግ ሴት የሚደርሳት ደብዳቤ ሰውየው በ«ባለ ጎን በር ፑልማን» እንደመጣ ይነግራታል። ፑልማን የባለጸጎች መኝታ ፉርጎ ነበር፤ ባለ ጎን በሩ ግን ድሆች ያለ ቲኬት ይሳፈሩበት የነበረ የጭነት ፉርጎ ነው።