ዶሮ ሞኝ ናት? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት ዶሮን የራሷን ማረጃ በራሷ እግር ቆፍራ የምታወጣ ሞኝ አድርጎ ይሥላታል፤ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለውም ሐሳቧ ከጥሬ እንደማያልፍ ይናገራል። ሁለቱም የተተረቱት ለሰው ቢሆንም በዶሮ ላይ እንደ ማስረጃ ሲጠቀሱ ይሰማል። በግቢ ተለቀው የሚውሉ ዶሮዎችን ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያያል።

«ሁሉም ዶሮዎች አንድ ናቸው።»

ይህን ለመፈተን አንድ እፍኝ ጥሬ በትኖ መመልከት ይበቃል። አንዷ የበተነው ሰው እጁን ሳይሰበስብ ደርሳ ትለቅማለች፤ ሌላዋ ዳር ዳሩን ትዞራለች፤ ሦስተኛዋ አንገቷን አስግጋ ቆይታ፣ ሌሎቹ ሲያጎነብሱ መሐል ገብታ አንዲት ፍሬ ነጥቃ ትሮጣለች። በማግስቱም ቢሆን እያንዳንዷ ያንኑ የራሷን ጠባይ ታሳያለች። ድፍረትና ፍርሃት ከአንዲት እናት ሥር በአንድ ቀን በተፈለፈሉ ጫጩቶች መካከል እንኳ ይለያያል።

«እርስ በርስ የሚነቋቆሩት በጭፍን ነው።»

ኖርዌያዊው ቶርላይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ ከልጅነቱ ጀምሮ የዶሮዎችን ጠብ ሲከታተል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጥናት ማን ማንን እንደሚነቁር ሥርዓት እንዳለው አሳይቷል፤ የበላይዋ ሁሉንም ትነቁራለች፣ የመጨረሻዋ ደግሞ በሁሉም ትነቆራለች። ሥርዓቱ እንዲጸና እያንዳንዷ ዶሮ ባልንጀሮቿን ለይታ ማወቅና ያለፈውን ጠብ ማስታወስ አለባት፤ ደረጃው ከተያዘ በኋላ ጠቡ የሚበርደው፣ እንግዳ ዶሮ ሲገባም እንደገና የሚነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። የበለጠ የሚያስገርመው ግን ራሳቸው ሳይጣሉ ከሌላው ጠብ መማራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ሙከራ፣ አለቃቸው በእንግዳ ዶሮ ስትሸነፍ ያዩ ዶሮዎች በኋላ ከእንግዳዋ ጋር ሲገናኙ ለመግጠም አልደፈሩም፤ እንግዳዋ በአለቃቸው ስትሸነፍ ያዩት ግን ይደፍሯት ነበር። «እኔን የምትረታኝን የረታች እኔን መርታት ያቅታታልን?» ብሎ እንደ ማመዛዘን ነው።

«ጩኸቷ ትርጉም የለውም።»

ተመራማሪዎች በዶሮዎች ዘንድ ከ20 በላይ የድምፅ ዓይነቶችን ለይተዋል። በተለይ የማስጠንቀቂያ ድምፆቻቸው ግሩም ናቸው፤ አውራ ዶሮ ጭልፊት ሲያንዣብብ የሚያሰማው ድምፅ፣ በምድር የሚመጣ አውሬ ሲያይ ከሚያሰማው ይለያል። ተመራማሪዎች እነዚህን ድምፆች ቀድተው አውሬም ጭልፊትም በሌለበት ለዶሮዎች አሰሙ። የሰማዩን ማስጠንቀቂያ የሰሙት ወደ መሸሸጊያ ሮጡ፣ አጎነበሱ፣ ቀና ብለውም ወደ ላይ ተመለከቱ፤ የምድሩን የሰሙት ደግሞ ቀጥ ብለው ቆመው ዙሪያቸውን ቃኙ። እንግዲህ ድምፁ «ፈራሁ» ከማለት አልፎ አደጋው ከየት እንደሚመጣም ይናገራል ማለት ነው።

አውራ ዶሮ ምግብ ሲያገኝም ፍሬውን በመንቁሩ እያነሣና እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል። የበታች የሆነው አውራ ግን አለቃው በአጠገቡ ካለ ያንኑ እንቅስቃሴ ድምፁን አጥፍቶ ያደርገዋል፤ ሴቶቹ እንዲያዩት እንጂ አለቃው እንዲሰማው አይፈልግም። ይህን ከሞኝነት መቁጠር ይከብደኛል።

«አውራ ዶሮ የሚጮኸው ንጋትን ስላየ ነው።»

በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳወቁት፣ አውራ ዶሮዎች ሌትና ቀኑ በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ሲቆዩም በሰዓታቸው ይጮኻሉ፤ ሰዓቱ በውስጣቸው ነው። በአንድነት በሚኖሩበት ጊዜም መጀመሪያ የሚጮኸው የበላዩ ነው።

«አንገቷ ተቆርጦም ትሮጣለችና አእምሮ አያስፈልጋትም።»

የዚህ አባባል ዋና ምስክር በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1945 አንገቱ ተቆርጦ 18 ወር ያህል የኖረው ማይክ የተባለ አውራ ዶሮ ነው። ነገር ግን መጥረቢያው ከፍ ብሎ ስላረፈ ትንፋሽንና ሚዛንን የሚቆጣጠረው የአንጎሉ የታችኛው ክፍል አልተነካም ነበር። ማይክ በሕይወት የቆየው በተረፈለት አንጎል ነው።

«ጫጩት ምንም አታውቅም።»

በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2009 በቀረበ ጥናት፣ ከአምስት ትንንሽ ነገሮች ጋር ያደጉ የጥቂት ቀናት ጫጩቶች እነዚያ ነገሮች አንድ በአንድ ከሁለት መጋረጃዎች ጀርባ ሲሰወሩ ተመለከቱ። ከዚያም ጥቂቶቹ ከአንዱ መጋረጃ ወደ ሌላው ፊት ለፊታቸው ተዛወሩ። ጫጩቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን ሳያዩ፣ የመጨረሻውን ድምር እንዳሰሉ ሁሉ፣ ብዙዎቹ ወዳሉበት ሄዱ። ሲፈለፈሉ ይዘውት የወጡት ችሎታ ይመስላል።

«እንግዲያስ ዶሮ የትንሽ ልጅ ያህል ታስባለች።»

ይህኛው ስሕተት ዶሮን ከሚወዱ ሰዎች የሚመጣ ነው፤ እኔም ብወዳት ልደግፈው አልችልም። ጫጩት በመጋረጃ ጀርባ ያለውን ብዛት መለየቷ በሌላው ነገር ሁሉ ከሕፃን ጋር አያስተካክላትም፤ ችሎታዋ ለኑሮዋ በሚያስፈልጋት ላይ የጠነከረ ነው። ጥሬው ከወንፊት አጥር ማዶ ሲሆን ይህ በግልጽ ይታያል። ዶሮዋ ፍሬው ላይ ዓይኗን ተክላ በሽቦው ቀዳዳ አንገቷን ልታሾልክ ትሞክራለች፣ ወዲህ ወዲያ ትመላለሳለች፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ የተከፈተውን በር አታየውም። ወደ በሩ ለመድረስ ለጊዜው ከጥሬው መራቅ አለባት፤ የሚያቅታትም ይኸው ነው። ሲሰለቻት ጥሬውን ትታ እየጫረች ትርቃለች፤ ድንገት ራሷን በበሩ ላይ ስታገኘው ግን መንገዱን ሳትጠይቅ በማዶው በኩል ሮጣ ትመጣለች።