የበረራ ርቀት ምንድን ነው?

በሁለት ትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ከኢንተርኔት ማስያ የጠየቀ ሰው ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፤ ኪሎ ሜትርና ሰዓት። የመጀመሪያውን ይመነው። ሁለተኛውን ግን በጥርጣሬ ቢያየው ይሻለዋል።

የበረራ ርቀት ማለት የምድርን ክብነት ተከትሎ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው የሚለካው አጭሩ መስመር ነው። ኳስ ላይ ሁለት ነጥቦች አድርገው በመካከላቸው ክር ቢወጥሩ ክሩ የሚያርፈው በዚሁ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ረጅም ሲሆን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ ዙሪያ ጥምጥም የሄደ ቢመስልም አሳሳቹ ካርታው ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው የሁለቱ ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ እንዲሁም 6,371 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የምድር አማካይ ሬዲየስ ነው። አብራሪዎች የሚቆጥሩት በኖቲካል ማይል ሲሆን አንዱ 1,852 ሜትር ነው።

ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ማስያዎች አብዛኛውን ጊዜ ርቀቱን የሚያካፍሉት በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበር ትልቅ ጄት ነው። ጄቱ ግን አጭር የጠጠር መንደርደሪያ ላይ አያርፍም። ወደዚያ የሚሄደው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው እንበል። 400 ኪሎ ሜትር ለጄቱ ግማሽ ሰዓት፣ ለዚህ ግን 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢገጥመው 2 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሲመለስ ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃዋል። ደርሶ መልሱ ሲደመር ነፋስ ከሌለበት ቀን በ8 ደቂቃ ይበልጣል፤ ነፋስ በመሄጃ የወሰደውን በመመለሻ ሙሉ በሙሉ አይከፍልም።

ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ስሌቱ ይበልጥ ይስታል። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ዌስትሬይንና ፓፓ ዌስትሬይን የሚያገናኘው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመደበኛ የበረራ ሰሌዳ ከሚደረጉት ሁሉ የዓለማችን አጭሩ ነው። በጄት ፍጥነት ቢሰላ 12 ሰከንድ ይወጣዋል። በሰሌዳው ላይ የተያዘለት ግን 2 ደቂቃ ነው፤ መነሣት፣ መዞርና ማረፍ እንደ ርቀቱ አያጥሩምና። በእርግጥ ነፋስ ሲያግዝ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የተጠናቀቀበት ቀን አለ።

ማስያው የማይጠይቀው ሌላም ነገር አለ፤ በሁለቱ መካከል የሚበር አውሮፕላን መኖሩን። ቀጥታ በረራ ከሌለ መንገደኛው መጀመሪያ ወደ ትልቅ ማረፊያ ሄዶ፣ እዚያ አውሮፕላን ቀይሮ፣ አንዳንዴም የመጣበትን አቅጣጫ መልሶ ይጓዛል። በረራው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነና ትናንት ካመለጠው ደግሞ፣ 40 ደቂቃ የተባለለት ጉዞ ስድስት ቀን ያስጠብቀዋል።