ባዮሜዲካል ሳይንስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሰው አካል በጤናና በሕመም ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ፣ በሽታ ከምን እንደሚነሣና በምን እንደሚታከም የሚያጠና ዘርፍ ነው። ሥነ ሕይወት፣ ኬሚስትሪና ሕክምና የሚገናኙበት በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በዩኒቨርሲቲ ነው። በአንዳንድ አገሮች ግን በሁለተኛ ደረጃም ራሱን ችሎ ይሰጣል። በአሜሪካ ፕሮጀክት ሊድ ዘ ዌይ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት በዚህ ረገድ ይታወቃል። አራት ኮርሶች ያሉት ሲሆን አንደኛው በሽታን በመከላከል፣ በመመርመርና በማከም ላይ ያተኩራል።

ከተለመደው የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚለየው በአነሣሡ ነው። መደበኛው ትምህርት ከሕዋስ ተነሥቶ ወደ አካል ክፍሎች ይሄዳል፤ ይህኛው ግን ከታማሚ ይነሣል። ለተማሪዎች የአንድ ወጣት ታሪክ ይቀርብላቸዋል እንበል፦ ውኃ ጥም አይለቀውም፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ እየበላ ይከሳል። የደም ምርመራው ከፍተኛ የስኳር መጠን ያሳያል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ኩላሊት መልሶ ሊያስቀረው ከሚችለው በላይ ሲሆን ውኃ እየሳበ በሽንት ይወጣል፤ ጥሙም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን በሌለበት ሕዋሳት ስኳሩን በአግባቡ ስለማይጠቀሙበት አካል ስቡንና ጡንቻውን ማቃጠል ይጀምራል። ሦስቱ ምልክቶች ከአንድ ምክንያት ሲመነጩ ያየ ተማሪ፣ የቆሽትን ሥራ ከመጽሐፍ ከሸመደደው ይልቅ ነገሩ ውስጡ ይቀራል። ሕክምናውም ከዚያው ይቀጥላል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ከእንስሳት ቆሽት ተለይቶ ወጣ፣ በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለታማሚ ተሰጠ፤ በ1982 ደግሞ የሰው ዘረመል የገባባቸው ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት ኢንሱሊን በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ዘረመልን ከአንዱ ሕያው ወደ ሌላው ማሸጋገር ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከቤተ ሙከራ ሥራዎች ሰፊ ጊዜ የሚገባው የአንቲባዮቲክ ሙከራ ነው። ተማሪዋ ጉዳት የማያደርስ የባክቴሪያ ዝርያ በጥጥ ጫፍ ወስዳ፣ አጋር በተባለው የረጋ ምግብ ላይ ሳህኑን እያዞረች በሦስት አቅጣጫ ትቀባለች። መድኃኒት የያዙ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ታስቀምጥበትና ትከድነዋለች። በሕክምና ቤተ ሙከራ ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። በትምህርት ቤት ግን የሰው ሰውነት ሙቀት የሚመቻቸው ጎጂ ተሕዋስያን ሳይታሰብ ገብተው እንዳይራቡ ሙቀቱ ዝቅ ይደረጋል። ባክቴሪያው ሲያድግ ሳህኑን በስስ ነጭ ሽፋን ያለብሰዋል፤ በአንዳንዶቹ ክቦች ዙሪያ ብቻ የጠራ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካል።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰፊው ቀለበት ያለው መድኃኒት ኃይለኛው ነው ብለው ይደመድማሉ። ነገር ግን መድኃኒቶች በአጋሩ ውስጥ የሚሰራጩበት ፍጥነት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የሚመዘነው ለራሱ በወጣ መለኪያ ነው። ምንም መድኃኒት የሌለበት ክብ አብሮ ካልተቀመጠ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ባክቴሪያውን አለመግደሉን ማንም ማረጋገጥ አይችልም። በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያዎችን ሊያላምድ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ተማሪዋ መድኃኒት ይዞም ቀለበት ያልሠራውን ክብ ስታይ የዚያን ማስጠንቀቂያ ትርጉም በዓይኗ ታያለች።

ክትባት፣ የካንሰር ሕክምናና የአካል ንቅለ ተከላም በትምህርቱ ይካተታሉ። ጥልቀታቸው እንደ መምህሩና እንደ ሰዓቱ ይለያያል።

ይህን ትምህርት ብዙዎች ውድ መሣሪያ ያለው ትምህርት ቤት ብቻ የሚያስተምረው አድርገው ያስባሉ። ዲኤንኤን የሚያባዛው የፒሲአር መሣሪያ ውድ መሆኑ እውነት ነው። የምርመራ ውጤትን መመዘን ግን እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ በሽታው አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 99 በመቶውን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ ግን 5 በመቶውን በስሕተት ታመዋል ይላል። 10ሩ ታማሚዎች ይገኛሉ ማለት ይቻላል፤ ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 50 ያህሉ አብረው ይቆጠራሉ። ታመሃል ከተባሉት 60 ሰዎች በእርግጥ የታመመው ከስድስት አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሁለተኛ ምርመራ ሲያዝ በመጀመሪያው ላይ ተጨማሪ ማረጋገጫ እየፈለገ ነው። ከትምህርቱ ሁሉ አንድ ሰዓት ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ስሌት እመርጣለሁ፤ ተማሪው ወደ የትኛውም ሙያ ቢገባ አንድ ቀን የራሱን ወይም የቤተሰቡን የምርመራ ወረቀት መያዙ አይቀርምና።

ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ሐኪም አልሆነም፤ መድኃኒት የማዘዝ መብትም የለውም። ለነርስነት፣ ለፋርማሲ፣ ለሕክምና ላቦራቶሪና ለምርምር ትምህርት ግን ጥሩ መሠረት ይይዛል። ለደህንነት ሲባል በብዙ ትምህርት ቤቶች እውነተኛ የሰው ደም አይነካም፤ ለልምምድ የተሠራ ሰው ሠራሽ ደም ይተካዋል።

ሥነ ምግባርም ከዚህ ትምህርት አይነጠልም። በአሜሪካ ታስኪጊ በተካሄደው ጥናት ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር አሜሪካውያን ከ1932 እስከ 1972 ሕመማቸው በትክክል ሳይነገራቸው በበሽታው ተይዘው ቆዩ፤ ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሕክምናው ተነፍጓቸው ነበር። በአሜሪካ በሰው ላይ የሚደረጉ ጥናቶችን የሚገዛው ሕግ በ1974 የወጣው የዚህ ጉዳይ መጋለጥ ባስነሣው ቁጣ ነው።